የድርጅት የሊኑክስ ላፕቶፖችን መመዝገብና ማስተዳደር፦ ከየት ይጀመራል?

ሰማያዊ_ኬብል (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ያሉት የዊንዶውስና የማክ ኮምፒውተሮች በሙሉ በዲቫይስ ማኔጅመንት ሥር ናቸው። ላፕቶፕ ሲጠፋ፣ ፓች ሲዘገይ፣ ዲስክ ኢንክሪፕት ሳይደረግ (ሳይመሰጠር) ሲቀር ከአንድ ገጽ ላይ አያለሁ። ሊኑክስ የሚጠቀሙት ዴቨሎፐሮች ግን እስከ ዛሬ «እነሱ ራሳቸውን ይችላሉ» እየተባለ ተትተው ቆይተዋል። አሁን ኦዲተር መጥቶ ስለ እነሱም ጠየቀ። የሁሉም ዲስክ ኢንክሪፕት መደረጉን፣ የሴኪዩሪቲ አፕዴቱም በጊዜው መግባቱን በማስረጃ አሳዩኝ ነው የሚለው። «ልጆቹ አድርገናል ብለውናል» ስንለው ሳቀብን።

ያለን ነገር ድብልቅልቅ ነው። አብዛኛው ኡቡንቱ፣ ጥቂት ፌዶራ፣ አንድ ሰው ደግሞ አርች ይጠቀማል። ሁሉም ሱዶ (እንደ አድሚን ማዘዝ የሚያስችል ፈቃድ) አላቸው። ለዊንዶውስ የያዝነው ሶፍትዌር ለሊኑክስም ይበቃል ወይስ ሌላ ልፈልግ? እንደ ማክ ከካርቶኑ እንደወጣ ራሱን የሚመዘግብበት መንገድ አለ? ኢንክሪፕት ያልተደረገ ዲስክ ከርቀት ኢንክሪፕት ማድረግ ይቻላል? ሱዶ ያለው ሰው ተነሥቶ ኤጀንቱን (ማሽኑ ላይ የሚጫነውን የማስተዳደሪያ ፕሮግራም) ቢያጠፋውስ?

ከርነል_ጠባቂ

ዋናው ጥያቄህ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥከው ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ዊንዶውስ የማኔጅመንት ፕሮቶኮሉን ይዞት ነው የሚመጣው። አፕልም እንደዚያው፤ ትእዛዙን የሚቀበለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አካል ነው። ሊኑክስ ላይ ሁሉም ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ያለ የሊኑክስ ዓይነት) የሚጋራው እንዲህ ያለ ፕሮቶኮል የለም። ስለዚህ ሻጩ በምንም ስም ይጥራው፣ «ሊኑክስ እናስተዳድራለን» ሲልህ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) ሆኖ የሚሠራ ኤጀንት እንጭናለን፣ ኤጀንቱ በየጊዜው ሰርቨሩን «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የታዘዘውን ስክሪፕት ያስኬዳል፣ ውጤቱን ይመልሳል ማለቱ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከካርቶኑ ራሱን መመዝገቡም የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። አፕልና ማይክሮሶፍት የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር ገና ከሽያጩ ከድርጅትህ ጋር ያያይዙልሃል። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚያደርግልህ የለም። በቅርብ የሚተካው ኢንስታለሩን ራስህ ማዘጋጀት ነው። ለሬድ ሃትና ለፌዶራ ኪክስታርት፣ ለዴቢያን ፕሪሲድ፣ ለኡቡንቱ አውቶኢንስታል አለ። የኡቡንቱው በ2020 በሰርቨር እትሙ ነው የጀመረው፤ ዴስክቶፑም በ24.04 ይደግፈዋል። ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጎ፣ ኤጀንቱን ጭኖ፣ የመመዝገቢያ ቶከኑን (ማሽኑ ሲመዘገብ የሚያሳየውን ምሥጢራዊ ኮድ) አስቀምጦ የሚጨርስ አንድ ፋይል ካዘጋጀህ ከማኩ ብዙም አትርቅም። ፍላሹን የሚሰካ ሰው ግን ያስፈልግሃል።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ ማይክሮሶፍት ኢንቲዩን ሊኑክስን ይመዘግባል፤ ግን የተወሰኑ የኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ አፕዴት የሚያገኙ) እና የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ቨርዥኖችን ብቻ፣ ያውም ከኖም ዴስክቶፕ ጋር። ተጠቃሚው ራሱ አፑን ከፍቶ በሥራ አካውንቱ መግባት አለበት። ዲስኩ ኢንክሪፕት መሆኑን፣ የፓስወርዱን ጥንካሬ፣ የዲስትሮውን ቨርዥን ያያል፤ የራስህን የማረጋገጫ ስክሪፕትም ትጨምርበታለህ። ዊንዶውስ ላይ የለመድከውን ያህል የሴቲንግ ዝርዝር ግን አትጠብቅ። ፌዶራህና አርችህ ከዚህ ውጭ ናቸው።

ፍሊት የሚባለው በኦኤስኩዌሪ ላይ የተሠራ ስለሆነ ዲስትሮ አይመርጥም። ኦኤስኩዌሪ ፌስቡክ በ2014 ክፍት ያደረገው ነው፤ ከ2019 ጀምሮ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ነው። ማሽኑን እንደ ዳታቤዝ በኤስኪውኤል ትጠይቀዋለህ። ላንድስኬፕ የካኖኒካል ነው፤ ለኡቡንቱ ጥሩ ነው፣ ከኡቡንቱ ውጭ አይወጣም።

ዴቢያን_ወዳድ

እኔ የማይገባኝ፣ ብዙ ማሽን ባንድ ጊዜ የሚያስተካክለው አንሲብል እያለ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ኤጀንት የለው፣ ክፍያ የለው፣ ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያው) ካለ በቃ። አንድ ፕሌይቡክ (የትእዛዝ ዝርዝር) ጽፈህ ለሁሉም ታስኬደዋለህ። ሰው እንዴት ሩት ሆኖ ቀንና ሌሊት ከውጭ ሰርቨር ጋር የሚያወራ ነገር ማሽኑ ላይ በገዛ እጁ ይጭናል? ከዚያ «ሴኪዩሪቲ» ይሉታል።

ሎግ_አንባቢ

ዴቢያን ወዳድ፣ ለሰርቨር ከሆነ ከአንተ ጋር ነኝ። ላፕቶፕ ግን ሰርቨር አይደለም። ፕሌይቡኩን ስታስኬድ ግማሹ ክዳኑ ተዘግቷል፣ ሌላው ቤት ውስጥ ከራውተር ጀርባ ነው፣ የቀረው ቪፒኤን አላበራም። አንሲብል «አልተገኘም» ብሎህ ያልፋል፤ ያ ማሽን ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም ላይገኝ ይችላል። ለላፕቶፕ የሚሆነው ማሽኑ ራሱ መጥቶ የሚወስድበት አሠራር ነው።

አንሲብልን ካልለቀቅህ አንሲብል ፑል አለልህ። ላፕቶፑ ፕሌይቡኩን ከጊት ሪፖዚቶሪ (የጋራ የኮድ ማስቀመጫ) አውርዶ በራሱ ላይ ያስኬዳል። በሲስተምዲ ታይመር አስረው፣ «ፐርሲስተንት» የሚለውንም እውነት አድርገው፤ ያኔ ሰዓቱ ሲደርስ ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ እንደበራ ያካክሰዋል። የድሮው የጊዜ ማስያዣ ክሮን ይህን አያደርግልህም።

ግን ያኔም ቢሆን የኦዲተሩ ጥያቄ አልተመለሰም። ፕሌይቡክ ያደረገውን ይነግርህ ይሆናል፤ ያልደረሰበትን ማሽን ማን ይንገርህ? ኦዲተሩ የሚፈልገው የማሽኖቹን ሙሉ ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ አጠገብም መጨረሻ የታየበትን ቀን ነው።

ዴቢያን_ወዳድ

ፑሉን ተቀብያለሁ። ሩት ሆኖ የሚያወራው ኤጀንት ግን አሁንም አይዋጥልኝም። የማኔጅመንት ሰርቨሩ የተያዘ ቀን ሁሉም ላፕቶፕ ተያዘ ማለት እኮ ነው።

ከርነል_ጠባቂ

ልክ ነህ። ለጊት ሪፖዚቶሪህም ግን ያው ነው፤ እዚያ መግባት የቻለ ሰው በሚቀጥለው ፑል የሁሉም ማሽን ሩት ይሆናል። ስለዚህ ማንም ለብቻው ስክሪፕት መላክ እንዳይችል የሁለት ሰው ማጽደቂያ አድርግ፣ የአድሚን አካውንቶቹን በሃርድዌር ቁልፍ ዝጋ። አንዳንድ ኤጀንቶች ደግሞ ስክሪፕት የማስኬዱን ክፍል አጥፍተህ ለንባብ ብቻ እንድትጭናቸው ይፈቅዳሉ። ቡድኑ ካጉረመረመ በዚያ ጀምር።

ሰማያዊ_ኬብል

እናመሰግናለን! በኦኤስኩዌሪው መንገድ ለሙከራ ጥቂት ማሽኖች ላይ ጫንኩ። አንድ እንግዳ ነገር ገጠመኝ። ሁለት ላፕቶፖች በተራ ይታያሉ። አንደኛው ሲመጣ ሌላኛው ይጠፋል፤ ስሙም እዚያው መዝገብ ላይ ይለዋወጣል። ሁለቱንም አስነሥቼ አየሁ፣ ኤጀንቱ ሁለቱም ላይ በሰላም እየሠራ ነው። ሰርቨሩ ሎግ ላይ ኤረር የለም።

የሌሊት_ፈረቃ

ከአንድ ኢሜጅ ነው የተገለበጡት?

ሰማያዊ_ኬብል

አዎ። አንዱን አዘጋጅተን ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላው ገለበጥነው።

የሌሊት_ፈረቃ

አገኘነው። ኢቲሲ ውስጥ ማሽን አይዲ የሚባል ፋይል አለ፤ 32 የሄክስ ፊደል ያለበት አንድ መስመር ነው። መጀመሪያ ሲጫን ይፈጠራል፣ ዲስክ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል። ያንተ ሰርቨር ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ ነው የሚያያቸው።

ሁለቱም ላይ ፋይሉን ክፈትና አስተያይ። አንድ ከሆኑ በአንደኛው ላይ ፋይሉን ባዶ አድርገህ ሪቡት አድርግ፤ አትሰርዘው፣ ባዶ አድርገው። ሲስተምዲ ሲነሣ አዲስ ይጽፋል። ከዚያ ኤጀንቱ በራሱ ፎልደር ያስቀመጠውን የድሮ መለያ አጥፍተህ እንደገና አስመዝግበው። ኢሜጁንም አስተካክለው፤ ከመገልበጥህ በፊት ማሽን አይዲው ባዶ፣ የኤስኤስኤች ሆስት ቁልፎቹም የተሰረዙ ይሁኑ። ካልሆነ ሁለቱ ላፕቶፖች አንድ ዓይነት የኤስኤስኤች ቁልፍ ይዘው ይኖራሉ፣ ያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

ማሽን አይዲው የተለያየ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የሃርድዌሩን ዩዩአይዲ (መለያ ቁጥር) እይ። አንዳንድ ኤጀንት የሚለየው በሱ ነው። 03000200-0400-0500-0006-000700080009 የሚል ካየህ ፋብሪካው የራሱን ቁጥር ሳይጽፍበት የለቀቀው ቦርድ ነው፤ ይህ ቁጥር በብዙ ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ያኔ ኤጀንቱ በሌላ መለያ እንዲጠቀም ማዘዝ አለብህ።

ሰማያዊ_ኬብል

ማሽን አይዲው ነው! ፊደል በፊደል አንድ ናቸው። አንዱን ቀየርኩት፣ አሁን ሁለቱም ለየብቻ ቆመዋል። የኤስኤስኤች ቁልፎቹንም አየሁ፤ እነሱም ያው ነበሩ። አዲስ አስወጥቻለሁ።

አሁን ወደ ኢንክሪፕሽኑ። ጥቂቶቹ ጨርሶ ኢንክሪፕት አይደሉም። ከርቀት ማብራት ይቻላል?

ሎግ_አንባቢ

በአጭሩ፣ አይቻልም በለው።

ዊንዶውስ ላይ መመስጠሪያውን ቢትሎከርን ከሰርቨር ታበራለህ፣ ሰውየው ሥራውን እየሠራ ዲስኩ ቀስ እያለ ይመሰጠራል። ሊኑክስ ላይ የዲስክ መመስጠሪያው ሉክስ የሚቀመጠው ከፋይል ሲስተሙ ሥር ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው የሚወሰነው ሲጫን ነው። ያለውን ዲስክ በቦታው ለመመስጠር የሉክስ ማስተዳደሪያው ክሪፕትሴታፕ መንገድ አለው፤ ግን ለሄደሩ (የቁልፎቹ መረጃ ለሚቀመጥበት ክፍል) ቦታ እንዲገኝ የፋይል ሲስተሙ መጀመሪያ መጥበብ አለበት፣ የሩት ክፍሉ ሲሆን ደግሞ ከፍላሽ ተነሥተህ ነው የምትሠራው። መሐል ላይ ባትሪ ካለቀ የምታለቅሰው ለብቻህ ነው። ባክአፕ አድርጎ እንደገና መጫን ያሳጥርልሃል።

ኢንክሪፕት ነን የሚሉትንም አጣራ። ኤልኤስቢኤልኬ የሚለውን ትእዛዝ አስኬድና የሩት ክፍሉ «ክሪፕት» ከሚል መስመር ሥር ተንጠልጥሎ እንደሆነ እይ። ቡት የሚለው ክፍል ውጭ ቢሆን አትደንግጥ፤ ኡቡንቱ በተለመደው አጫጫን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የሚያስደነግጠው ለብቻው የተቀመጠ ያልተመሰጠረ ስዋፕ ነው። ሜሞሪ ውስጥ የነበረ ነገር ሁሉ እዚያ ሊጻፍ ይችላል። የሆም ፎልደራቸውን ብቻ የመሰጠሩ የቆዩ ኡቡንቱዎችም ካሉህ እነሱን እንደተመሰጠሩ አትቁጠራቸው።

ሰማያዊ_ኬብል

የመክፈቻውን ቁልፍ ሰርቨር ላይ ማስቀመጡስ? ሰው ፓስወርዱን ረስቶ ቢመጣ ወይም ከሥራ ቢለቅ ዲስኩን መክፈት መቻል አለብን።

ከርነል_ጠባቂ

ሉክስ ብዙ መክፈቻ ይይዛል። የድሮው ሉክስ 1 ስምንት፣ ሉክስ 2 እስከ 32 ቦታ አለው። እያንዳንዱ ቦታ ያንኑ አንድ የዲስክ ቁልፍ በተለያየ ፓስወርድ ቆልፎ ይይዛል። ስለዚህ የተጠቃሚውን ሳትነካ ለድርጅቱ ሌላ ትጨምራለህ። ችግሩ፣ አዲስ ለመጨመር ከነባሮቹ አንዱ ያስፈልጋል። ከርቀት ዝም ብለህ የምትጨምረው አይደለም። ይህን የሚያደርጉ ሶፍትዌሮች ለተጠቃሚው መስኮት አውጥተው የዲስኩን ፓስወርድ ይጠይቁታል፤ በሱ ከፍተው በዘፈቀደ የተፈጠረ አዲስ ቁልፍ ይጨምሩና አዲሱን ወደ ሰርቨር ይልካሉ። የሱ ፓስወርድ ወደ ሰርቨር አይሄድም። ይህን ለሠራተኛው ቀድመህ ንገረው፤ አለበለዚያ በድንገት የዲስክ ፓስወርድ የሚጠይቅ መስኮት ያየ ዴቨሎፐር ቫይረስ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ቢዘጋውም እውነት አለው።

በእጅህ የምትሠራ ከሆነ ሲስተምዲ ከ248 ጀምሮ ክሪፕትኢንሮል የሚባል መሣሪያ አለው፤ የማገገሚያ ቁልፍ ፈጥሮ ይጨምርልሃል። በቲፒኤም (ቦርዱ ላይ ባለው የደኅንነት ቺፕ) ያለ ፓስወርድ እንዲከፈትም ያደርጋል። በፒን ካልታሰረ ግን አልወደውም፤ የተሰረቀው ላፕቶፕ ሎጊን ስክሪኑ ድረስ ራሱን ከፍቶ ሌባውን ይጠብቀዋል።

ቤት_ሆኖ_የሚሠራ

ሰላም። እኔ እናንተ «ተጠቃሚው» እያላችሁ የምታወሩበት ሰው ነኝ። ዴቨሎፐር ነኝ፣ ላፕቶፔ ፌዶራ ነው፣ ባለፈው አይቲዎች ኤጀንት ጫን ብለውኛል። ገና አልጫንኩም። ሰነፍ ሆኜ አይደለም። ሩት ሆኖ የሚሮጥ ነገር ምን ምን ያያል ብዬ ስጠይቅ «ሴኪዩሪቲ ነገር ነው» ከማለት በቀር መልስ የሚሰጠኝ አጣሁ። ኦኤስኩዌሪ ውስጥ የሼል ሂስትሪ የሚባል ሰንጠረዥ እንዳለ አንብቤያለሁ። ተርሚናል ላይ የጻፍኩትን ሁሉ ማለት ነው። ተሳስቼ ፓስወርድ የጻፍኩበት መስመር ሳይቀር።

ሎግ_አንባቢ

ሰንጠረዡ አለ፣ አትደብቁት። ጥያቄውም ተገቢ ነው።

የኛ ቡድን ያደረገውን ልንገርህ። በየጊዜው የሚጠየቁት ጥያቄዎች በሙሉ ሁሉም ሠራተኛ ማየት በሚችለው የጊት ሪፖዚቶሪ ውስጥ ነው የተቀመጡት። አዲስ ጥያቄ ሲጨመር ማን እንደጨመረውና ለምን እንደሆነ እዚያው ይጻፋል። የሼል ሂስትሪ፣ የብራውዘር ሂስትሪ፣ ቦታ የሚያሳይ ነገር አይጠየቅም። ዲስክ፣ ፓኬጅ፣ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት)፣ ፋየርዎል፣ የስክሪን መቆለፊያ፤ እዚህ ላይ ያበቃል። አንድ ሰው ከሰርቨሩ ድንገተኛ ጥያቄ ቢልክም ሎጉ ላይ ይቀራል፤ ሎጉን ደግሞ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ይህ ከወጣ በኋላ ማጉረምረሙ ጠፋ ማለት ባልችልም የሚጭነው ሰው በረከተ።

አንተም የራስህን አይቲዎች ይህንኑ ጠይቃቸው። ዝርዝሩን ማሳየት ካልቻሉ መጫንህን ብታዘገይ አልፈርድብህም።

ቤት_ሆኖ_የሚሠራ

ይህ ይገባኛል። ዝርዝሩን ካሳዩኝ እጭናለሁ። ሱዶዬን ከነኩኝ ግን አንስማማም፤ ኮንቴይነር ሳልጀምር፣ ፓኬጅ ሳልጭን ሥራ የለም።

ዴቢያን_ወዳድ

ይኸው ወደ ዋናው ተመለስን። ሱዶ ካለው ኤጀንቱን በአንድ መስመር ያቆመዋል። ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ፣ አለቀ። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ከርነል_ጠባቂ

ልመለስበት ያልኩት ይሄ ነው።

ሩት የያዘን ሰው ማሽኑ ላይ በማሽኑ አታስገድደውም። ኤጀንቱን ብትደብቀው ያገኘዋል፣ ብትቆልፈው ይከፍተዋል፣ ፋይሉ እንዳይነካ ብታደርገው ቻትር በሚለው ትእዛዝ ይፈታዋል። በዚህ ላይ ሌሊት የሚያድሩ አድሚኖችን አይቻለሁ፤ ድካም ነው። ትግሉን ከማሽኑ አውጣው። ኢሜይሉ፣ የጊት ሰርቨሩ፣ ቪፒኤኑ፣ ክላውዱ ያንተ ነው። እዚያ በር ላይ «ይህ ላፕቶፕ ተመዝግቧል? በቅርብ ታይቷል? ዲስኩ ተመስጥሯል?» ተብሎ ይጠየቅ። ኤጀንቱን ያቆመ ሰው ማንም ሳይጮህበት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ኮድ መግፋት ያቅተዋል። መልሶ ያበራል፣ ይገባል። ሱዶውን አልነካህበትም፣ እሱም አልዋሸህም።

ኢንቲዩን ከኮንዲሽናል አክሰስ ጋር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሊኑክስ ላይ በብራውዘር ለሚገባው ማይክሮሶፍት ኤጅ ያስፈልገዋል፣ ይህ ያበሳጫቸዋል። ሌላው መንገድ የቪፒኤኑን ሰርቲፊኬት አጭር ዕድሜ ሰጥተህ ማደሱን ከኤጀንቱ ሪፖርት ጋር ማሰር ነው።

ሰማያዊ ኬብል፣ አንድ ነገር አትርሳ። «ጤነኛ» እና «አልታየም» ለየብቻ ይታዩ። አንዳንድ ዳሽቦርድ መጨረሻ የታየውን ሁኔታ ይዞ አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል። ለወራት ያልበራ ላፕቶፕ አረንጓዴ ሆኖ ካየህ ያ ሪፖርት ለኦዲተር አይቀርብም።

ዴቢያን_ወዳድ

እሺ፣ ይሄ ከኤጀንቱ ራሱ የበለጠ አሳመነኝ። ግን ተጠቃሚው ሩት ከሆነ ኤጀንቱን ከፍቶ «ዲስኬ ተመስጥሯል» የሚል የሐሰት መልስ ማስላክም ይችላል።

ከርነል_ጠባቂ

ይችላል። ያ ግን መርሳትም ስንፍናም አይደለም፣ ሆን ብሎ ማጭበርበር ነው፤ ጉዳዩ ከአይቲ ወጥቶ ወደ ሰው ኃይል ይሄዳል። ሶፍትዌሩን የምንተክለው ለረሱትና ለዘገዩት ነው።

የሌሊት_ፈረቃ

ስለ አፕዴት ማንም አላነሣም፣ ኦዲተሩ ግን ይጠይቃል። ኡቡንቱ ላይ አንአተንድድ አፕግሬድስ የሴኪዩሪቲውን ራሱ ያስገባል፣ ፌዶራ ላይ ዲኤንኤፍ አውቶማቲክን ማብራት አለብህ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አዲሱ ከርነል ተጭኗል ማለት እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ላፕቶፕ ክዳኑ ይዘጋል ይከፈታል እንጂ ሪቡት አይደረግም። የፓኬጁ ዝርዝር «የታደሰ» ይልሃል፣ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ግን ገና የድሮው ቀዳዳ ያለበት ከርነል ነው። ስለዚህ ሁለቱን አስተያይ፦ የሚሮጠውን ከርነል ከተጫነው የመጨረሻ ከርነል ጋር። ኡቡንቱ ላይ ሪቡት ሲያስፈልግ ቫር ራን ውስጥ «ሪቡት ሪኳየርድ» የሚል ፋይል ይቀመጣል፤ ፋይሉ ኖሮ ከአንድ ሳምንት ካለፈ ለተጠቃሚው መልእክት ይሂድ። በግድ ሪቡት አታድርግባቸው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ቢልድ ላይ ያለ ሰው ላፕቶፕ አጥፍተህ ወዳጅ አታፈራም።

ሎግ_አንባቢ

የዝርዝሩ ጥቅም የገባኝ በኤክስዚ (የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር) ጊዜ ነው። መጋቢት 29 ቀን 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የኤስኤስኤች ሎጊን ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ተከትሎ በኤክስዚ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። የተረጋጉት የኡቡንቱና የዴቢያን እትሞች አልደረሰባቸውም፤ ዴቢያን ቴስቲንግ፣ የፌዶራ የሙከራ እትም፣ ኦፕንሱዘ ተምብልዊድ ላይ ግን ገብቶ ነበር። ዴቨሎፐሮች ደግሞ አዲስ ነገር ይወዳሉ። «ከላፕቶፖቻችን የትኛው 5.6 አለው?» ለሚለው አንድ ጥያቄ ነው የላክነው፤ የበሩት ወዲያው መለሱ፣ የጠፉት ሲበሩ መለሱ። እያንዳንዱን ሰው በኢሜይል እየጠየቅን ቢሆን ኖሮ ግማሹ መልስ አይሰጥም፣ የመለሰውንም ማመን አለብን።

ሰማያዊ_ኬብል

ይህን ለአለቃዬ እንዳለ ነው የማስነብበው።

ላፕቶፕ ቢጠፋስ? ማኩ ላይ ያለውን መረጃ ከርቀት አጠፋዋለሁ።

የሌሊት_ፈረቃ

እዚህም በስክሪፕት ይሆናል። ክሪፕትሴታፕ ሉክስ ኢሬዝ የሚለው ትእዛዝ ሁሉንም የቁልፍ ቦታዎች ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ፓስወርድ የሚያውቀውም አይከፍተውም። ብዙ ሰው የሚስተው፣ ትእዛዙ ሲሄድ የማሽኑ ፓወር ካልጠፋ ዲስኩ እንደተከፈተ ይቀጥላል፤ ቁልፉ ከርነሉ ሜሞሪ ውስጥ አለና። ስለዚህ ስክሪፕቱ ማሽኑን ወዲያው በኃይል ማጥፋት አለበት። ሌላው፣ አንድ ሰው ቀደም ብሎ የሉክሱን ሄደር ባክአፕ አድርጎ ከሆነ፣ በባክአፑና በድሮው ፓስወርድ ተመልሶ ይከፈታል።

ሌባው ኢንተርኔት ካላገናኘው ደግሞ ትእዛዝህ አይደርስም። የተመሰጠረና ፓወሩ የጠፋ ላፕቶፕ ግን ያለ ትእዛዝም አይከፈትም። ቅድሚያው ለኢንክሪፕሽኑ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሰማያዊ_ኬብል

የመመዝገቢያ ቶከኑ ፓኬጁ ውስጥ ነው ያለው፣ ፓኬጁ ደግሞ ሁሉም በሚያየው ፎልደር ተቀምጧል። ችግር አለው?

ከርነል_ጠባቂ

ቶከኑ ማስገቢያ ብቻ ነው፤ የያዘው ሰው የሌሎቹን መረጃ አያነብም። ግን የውሸት ማሽን አስመዝግቦ ዝርዝርህን ማበላሸት ይችላል፤ መመዝገቡን ብቻ የሚያይ በር ካለህም ያልፍብሃል። በየቡድኑ የተለያየ ቶከን አውጣ፣ ምዝገባው ሲያልቅ ቀይረው። የተመዘገቡት የራሳቸውን ቁልፍ ስለያዙ አይወድቁም። ላንድስኬፕ ከሆነ ደግሞ አዲስ ማሽን ሲመጣ አድሚን እስኪያጸድቀው ተራ ይጠብቃል፤ ያንን አታጥፋው።

ሁሉንም ባንድ ቀን ላስገባ እንዳትል ብቻ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ከየዲስትሮው ጥቂት ማሽን አስቀድምና አንድ የአፕዴት ዙር ይለፍባቸው።

ሰማያዊ_ኬብል

እሺ። ያሰብኩትን ልጻፈው፣ ስህተት ካለ ንገሩኝ። ኦኤስኩዌሪው ለሁሉም፣ መጀመሪያ ለንባብ ብቻ። ጥያቄዎቹ በጊት በይፋ። አዲስ ላፕቶፕ በአውቶኢንስታል ወይም በኪክስታርት ከነኢንክሪፕሽኑ። ቪፒኤኑና ጊቱ ያልታየ ማሽን አያስገቡም። ስክሪን መቆለፊያውን በዲኮንፍ (በኖም የሴቲንግ ማከማቻ) እቆልፈዋለሁ።

የቀረኝ የአርቹ ሰውዬ ነው። ሌላው ደግሞ ያልተመሰጠረ ፌዶራ ያለው ልጅ «እንደገና ከመጫን በቦታው መስጥሩልኝ» ብሎ ለምኖኛል።

ሎግ_አንባቢ

ዲኮንፍ የሚሠራው ለኖም ነው። ኬዲኢ ወይም አይ3 የሚጠቀም ካለ ምንም አይነካውም፤ ለእነሱ መቆለፉን በጥያቄ ፈትሽ።

አርቹን አስገባው። ኤጀንቱ ይሠራለታል፣ መስፈርቱ አንድ ይሁን፤ ዲስኩ ከተመሰጠረና አፕዴቱ ከገባ ስለ ዲስትሮው ምን አገባን? ፓኬጁን ግን ራሱ ይንከባከበው፣ ሲበላሽ ወደ አንተ አይምጣ። ይህን በጽሑፍ አስፈርመው።

የሌሊት_ፈረቃ

የፌዶራው ፋይል ሲስተም ነባሪው ቢቲአርኤፍኤስ ከሆነ መጥበብ ስለሚችል በቦታው መመስጠር ይቻላል። ኤክስኤፍኤስ ከሆነ አይጠብም፣ ነገሩ አለቀ። ቢቻልም አልመክርህም፤ ለመመስጠሩ ባክአፕ ማድረግህ አይቀርም፣ ባክአፑ ካለህ ደግሞ እንደገና መጫኑ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሆም ፎልደሩን ገልብጠህ፣ የተጫኑትን ፓኬጆች ዝርዝር አውጥተህ፣ በአዲሱ ኪክስታርትህ ጫንለት። ኪክስታርትህም በዚያው ይፈተናል።

ሰማያዊ_ኬብል

ነገ ከሱ እጀምራለሁ። የኪክስታርቱን ፋይል ቶከኑን አውጥቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ እዩልኝ።